ሪቨርቡን ስንት ጊዜ እንክፈተው? ስለ ሴንድና ባስ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ሙዚቃና መዝሙር ሚክስ በምናደርግ (የተቀዱ ድምፆችን አመጣጥነን በምናዋህድ) ልጆች መካከል አንድ ጽሑፍ እየተቀባበልን ስናነብ ነበር። ጸሐፊው ለጀማሪ አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። አጻጻፋቸው ቀላል ነው፤ ሐሳባቸውም ቀና ነው። መልእክታቸው ግን ሚክስ ላይ ድምፅ የሚላክባቸውን መንገዶች፣ ሴንድና ባስ (Bus፤ ወፍራሙን ባስ ድምፅ ማለቴ አይደለም) የሚባሉትን፣ ጭራሽ እንድንተዋቸው ነው። እዚህ ላይ አልስማማም። ምክሩን ይዘው ሥራ የጀመሩ ልጆች ስላየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልንገር። ሴንድ የድሮ ስቱዲዮ ቅሪት ነው ይላሉ፤ የዛሬ ኮምፒዩተር ጉልበት ስላለው በየትራኩ ላይ ሪቨርብ (ማስተጋባት የሚጨምር ፕለጊን፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም) መጫን ይሻላል። አንድ ሪቨርብ ለሁሉም ከተሰጠ መሣሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። እሳቸው ሴንድ ሲሞክሩ የድምፃዊው ድምፅ ጮኸ፣ ውስጡም ባዶ ሆነ። ባስ የሚያስፈልገው መቶ ትራክ ላለው ፕሮጀክት ነው፤ ለማሲንቆና ለከበሮ ትርፍ ድካም ነው። ድምፅ በባስ ባለፈ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። የግድ ሴንድ የሚጠቀም ካለ ደግሞ ሁልጊዜ ፕሪ ፌደር (ቅጂው የድምፁን መጠን ከሚቆጣጠረው ከፌደሩ በፊት የሚነሳበት) ያድርገው። የጽሑፉ ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

ለአዲስ አንባቢ አንድ ነገር ላስቀድም። ሴንድ ማለት የትራኩ ድምፅ ወደ ዋናው መውጫ እየሄደ ሳለ ቅጂውን ወደ ሌላ ቻናል መላክ ነው። ባስ ደግሞ ከብዙ ትራክ የመጣ ድምፅ ተደምሮ የሚያልፍበት መስመር ነው። ቅጂዎቹ ሪቨርብ ወዳለበት ባስ ይሄዳሉ። ከዚያ ወደ ሚክሱ የሚመለሰው ሪተርን ይባላል። ይህን ቻናል ከሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌሮቹ ሎጂክ ኦክስ ይለዋል፤ ኩቤዝ ኤፍኤክስ ቻናል ይለዋል፤ ኤብልተን ሪተርን ትራክ ይለዋል። ሪፐር ላይ ማንኛውም ተራ ትራክ ይህን ሥራ ይሠራል።

የድሮ ቅሪት ነው የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ቢል ፑትናም የተባለው የድምፅ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1947 ቺካጎ ውስጥ የስቱዲዮውን መጸዳጃ ቤት ማስተጋቢያ አድርጎታል። ድምፁን በስፒከር ወደ ውስጥ ልኮ፣ የሚያስተጋባውን በማይክ መልሶ ተቀበለ። ሴንድና ሪተርን ማለት ያው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ኢኤምቲ 140 የተባለው የጀርመን ፕሌት ሪቨርብ መጣ። ውስጡ በፍሬም ላይ የተወጠረ ሰፊ ብረት ነው። ክብደቱ 270 ኪሎ ገደማ ነው። ለየትራኩ አንድ አንድ ልግዛ የሚል ሰው አልነበረም። ሁሉም ትራክ ቅጂውን ወደዚያው ይልክ ነበር።

ስለዚህ ዘዴውን እጥረት ወለደው ማለታቸው ልክ ነው። ግን እጥረቱ ከጠፋ በኋላም ዘዴው አልጠፋም። ሪቨርብ በነፃ በሚወርድበት ዘመን የተሠሩ የሚክስ ሶፍትዌሮችም አብዛኞቹ ሴንድ አላቸው። አንድ ቦታ ላይ ሆኖ የሁሉንም ማስተጋባት መቆጣጠር ምን ያህል ጊዜና ሐሳብ እንደሚቆጥብ ሠሪዎቹ ያውቃሉ። ድምፃዊው መጥቶ «ኤኮው በዛ» ሲላችሁ አሥራ ሁለት መስኮት ከፍታችሁ አሥራ ሁለት ቁልፍ ማዞር አለባችሁ? ሲያልቅስ «አይ፣ የበፊቱ ይሻል ነበር» ቢልስ? ሪተርን ላይ ይህ የአንድ ፌደር ሥራ ነው።

የኮምፒዩተሩ ጉልበት ነገርም እንደተባለው አይደለም። አብዛኞቻችን የምንሠራው ሰው በተጠቀመበት ላፕቶፕ ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ እንቀጥላለን። ላፕቶፕ ደግሞ ከቻርጀር ሲነቀል ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በየትራኩ ሪቨርብ የተጫነበት ፕሮጀክት ያን ጊዜ መቆራረጥ ይጀምራል። በተለይ የእውነተኛ አዳራሽ ቅጂ ይዘው የሚሠሩት ሪቨርቦች ከባድ ናቸው። ሁለት ሪተርን ያለው ፕሮጀክት ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። አንድ ሪቨርብ ሁሉንም አንድ ዓይነት ያደርጋል የሚለው የጽሑፉ ልብ ነው። እኔም እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ለእኛ ሙዚቃ ትክክሉ ተቃራኒው ነው።

የሰርግ አዳራሽ ውስጥ የሆነውን አስቡ። አውጪዋ ከፊት ናት። ተቀባዮቹ ከኋላዋ ያጨበጭባሉ። ከበሮው ከጎን አለ። ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ ግን ማንም ከማንም ጋር አይምታታም። ጆሯችን ቅርቡንና ሩቁን የሚለየው በቀጥታ የሚመጣውን ድምፅ ከሚያስተጋባው ጋር እያመዛዘነ ነው። ቅርብ ያለ ሰው ቀጥተኛ ድምፁ ይበዛል። ሩቅ ያለው ማስተጋባቱ ይበዛል። ሴንድ የሚሰጠን ይህንኑ ነው። ሪቨርቡ አንድ ነው፤ ከየትራኩ የሚላከው መጠን ግን ይለያያል። የአውጪዋን ሴንድ ዝቅ፣ የተቀባዮቹን ከፍ ስታደርጉ እሷ ወደ ፊት ትመጣለች፣ እነሱ ወደ ኋላ ይሄዳሉ።

በየትራኩ የተለያየ ሪቨርብ ሲጫን ምን እንደሚሆን ደግሞ ብዙ ሰምተናል። ማሲንቆው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው። ክራሩ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ድምፃዊዋ ሌላ ቦታ ናት። ከበሮው ምንም የለውም። አብረው የተጫወቱ ሰዎች አይመስሉም። ብዙዎቻችን ደግሞ መሣሪያዎቹን ተራ በተራ ነው የምንቀዳው፤ ያውም ግድግዳው ላይ የመንዝ ባና ወይም ዝተት በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ። ሱፉ ማስተጋባቱን ስለሚውጠው የሚቀዳው ድምፅ ደረቅ ነው። ይህ ጥሩ ነው። ግን እነዚህን ደረቅ ድምፆች በኋላ አንድ ቦታ ላይ ማገናኘት የሚክስ አድራጊው ሥራ ነው። የጋራ ሪቨርብ ይህን ያህል የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አንድ ብቻ ይሁን ያለ ሰው ግን የለም። ሁለት ወይም ሦስት ሪተርን ይበቃል። አንዱ አጭር ክፍል፣ አንዱ ረዘም ያለ ፕሌት፣ አንዱ ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግም)። አውጪዋ ወደ ፕሌቱ ትሂድ። እዚያ ላይ ፕሪ ዲሌዩን (ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ክፍተት) ወደ 30 ሚሊ ሰከንድ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ይህ አሥር ሜትር ያህል ርቀት ተጉዞ እንደመጣ ማስተጋባት ነው። ቃሉ መጀመሪያ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሪቨርቡ ተከትሎ ይደርሳል። ግጥም ለሚሰማ ሕዝብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መንዝ ወይም መርሐቤቴ የተዘፈነ ዘፈን ላይ ግጥሙ ካልተሰማ ምን ቀረ?

ሪተርኑ ላይ ሌላም የሚሠራ ነገር አለ። ከሪቨርቡ በፊት ኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ የሚቀንስ ወይም የሚጨምር) አስገብታችሁ ከ600 ኸርዝ በታችና ከ10,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቁረጡ። የለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ዘዴ እየተባለ በሰፊው ይታወቃል። ለእኛ መሣሪያዎች የተሠራ ነው የሚመስለው። የከበሮው ትልቁ ፊት ወፍራም ድምፁ ሪቨርብ ውስጥ ከገባ ሚክሱ በሙሉ ይደፈርሳል። የማሲንቆ ጭራ በጭራ ላይ ሲሳብ ከላይ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ ደግሞ ሪቨርብ ውስጥ ገብቶ ፉጨት ይሆናል። ሁለቱንም አንድ ኢኪው ያስተካክላቸዋል። በየትራኩ ሪቨርብ ከጫናችሁ ግን ይህን ኢኪው ስንት ቦታ ልትደግሙት ነው? ኢንሰርት ላይ (የትራኩ ድምፅ በቀጥታ በሚያልፍበት ቦታ) ከሪቨርቡ በፊት ካስገባችሁት ደግሞ ቀጥተኛውን ድምፅም ጭምር ይቆርጠዋል።

ኮምፕረሰርም (ድምፅ ሲጮህ ዝቅ የሚያደርገው) እዚያው ይገባል። ሪተርኑ ላይ ኮምፕረሰር አድርጉና በሳይድ ቼይን (ኮምፕረሰሩ በሌላ ትራክ ድምፅ እንዲታዘዝ በሚያደርገው መንገድ) ከአውጪዋ ድምፅ ጋር አያይዙት። ስትዘፍን ሪቨርቡ ዝቅ ይላል። ስንኙን ስትጨርስ ቀስ ብሎ ይነሳል። ቃሉ አይሸፈንም፤ ክፍተቱም ባዶ አይሆንም። ይህን ማድረግ የምንችለው ሪቨርቡ ከድምፁ ተለይቶ ለብቻው ቻናል ላይ ስለተቀመጠ ነው።

በገና ላይ ግን ለጸሐፊው እሰጣቸዋለሁ። በገና አሥር አውታር አለው። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው እንዚራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ያን የሚነዝር ድምፅ ይሰጠዋል። ድምፁ ራሱ ረጅምና የሞላ ነው። በዐቢይ ጾም ሰሞን በገና ብቻውን ከድምፅ ጋር ሲቀዳ የጋራ ሪቨርብ አያስፈልገውም። ትንሽ፣ አጭር ሪቨርብ ኢንሰርት ላይ አድርጎ መጨረስ ይቻላል። ያለምንም ሪቨርብም ያምራል። አንድ መሣሪያ ብቻ የሚፈልገው ልዩ ኢፌክት ሲሆን ኢንሰርት ትክክለኛ ቦታው ነው። ኢኪውና ኮምፕረሰርም በአብዛኛው እዚያው ነው የሚቀመጡት።

ወደ ሦስተኛው ልሂድ። ሴንድ ሲሞክሩ ድምፁ ጮኸ፣ ባዶም ሆነ ብለዋል። አምናቸዋለሁ። መልሱ ግን እዚያው ጽሑፋቸው ውስጥ አለ። ሪቨርቡን ሪተርኑ ላይ ሲያስገቡ ሚክስ የሚለውን ቁልፍ እንደ ኢንሰርቱ 30 በመቶ ላይ እንደተዉት ጽፈዋል። ችግሩ ይህ ነው። ኢንሰርት ላይ 30 በመቶ ማለት ደረቁም ድምፅ በዚያው ፕለጊን ያልፋል ማለት ነው። ሴንድ ላይ ግን ደረቁ ድምፅ በራሱ መንገድ ወደ ሚክሱ እየሄደ ነው። ሪተርኑ ላይ ያለው ሪቨርብ 100 በመቶ መሆን አለበት። አለበለዚያ ደረቁ ድምፅ በሁለት መንገድ ይመጣል፣ ይደመራል። አንድ ዓይነት ሁለት ድምፅ በእኩል መጠን ሲደመር 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ጮኸ ያሉት ይህን ነው።

ባዶ ያሉት ደግሞ ከመዘግየት የመጣ ይመስለኛል። ሁለተኛው ቅጂ በፕለጊኑ ምክንያት ትንሽ ከዘገየና ሶፍትዌሩ ካላካካሰው አንዳንዱ ድምፅ ይጠፋፋል። ለምሳሌ በ1 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ 500፣ 1,500፣ 2,500 ኸርዝ ላይ እያለ ጉድጓድ ይፈጠራል። የሰው ድምፅ ሰውነቱ ያለው እዚያ አካባቢ ነው። ሚክሱን 100 ላይ ያድርጉትና እንደገና ይስሙት። ሴንዱ ጥፋት የለበትም።

ባስ ለመቶ ትራክ ነው የሚለው ደግሞ አውጪና ተቀባይ ያለበትን ሙዚቃ የረሳ ነው። እስቲ አንድ ተራ የሰርግ ዘፈን ፕሮጀክት ክፈቱ። ስድስት ተቀባይ፣ ሁለት ጭብጨባ፣ እልልታ፣ ከበሮ፣ ማሲንቆ፣ አውጪ። ተቀባዮቹ ስድስት ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ስድስቱን ፌደር ለየብቻ ስትጎትቱ ሚዛናቸው ይፋለሳል። ወደ አንድ ባስ ሰብስባችሁ አንድ ፌደር ብትይዙ ግን ሚዛናቸው እንደተጠበቀ ከፍና ዝቅ ይላሉ።

ባሱ ላይ የሚገባው ኮምፕረሰርም በየትራኩ ከሚገባው ይለያል። የሚሰማው የስድስቱን ድምር ነው። አንዷ ብትጮህ ሁሉንም ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ አብረው የሚተነፍሱ ይመስላሉ። ከባድ አታድርጉት። ሬሾው (የመጫኑ ክብደት) 2 ለ 1፣ አታኩ (ለመጫን የሚወስደው ጊዜ) ወደ 30 ሚሊ ሰከንድ፣ የሚቀንሰው 2 ዴሲቤል ገደማ ቢሆን ይበቃል። ከበሮውን ግን እዚህ ባስ ውስጥ አታስገቡ። ከበሮው በተመታ ቁጥር ኮምፕረሰሩ ተቀባዮቹን ወደ ታች ይጫናቸዋል። ከበሮና ጭብጨባ የራሳቸው ባስ ይኑራቸው።

ኤፍኤል ስቱዲዮ የምትጠቀሙ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ትራኩን ወደ ባሱ ስታገናኙት ወደ ማስተሩ (ወደ ዋናው መውጫ) የሚሄደው የድሮ መስመርም ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ድምፁ ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ወደዚህ ትራክ ብቻ የሚለውን ምርጫ ተጠቀሙ። ለሪቨርብ ሲሆን ግን የማስተሩ መስመር ክፍት መሆን አለበት፤ ደረቁ ድምፅ የሚሄደው በዚያ ነውና። ብዙ ጀማሪ ባስና ሴንድ የሚምታታበት እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ጸሐፊው ባስ አይሠራም ለማለት አንድ ማስረጃ አቅርበዋል። የተቀባዮቹን ባስ ፌደር እስከ ታች ቢያወርዱም ማስተጋባታቸው ግን ሳይጠፋ ቀረ። ይህ ጥሩ ምልከታ ነው፤ ጀማሪም ሁሉ ይገጥመዋል። ምክንያቱ ሴንዱ የተነሳው ከየትራኩ መሆኑ ነው። የትራኮቹ ቅጂ ባሱን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ሪቨርቡ ሄዷል። ባሱን ብታወርዱት ትራኮቹ አያውቁም። የየትራኩን ሴንድ ዝጉና ሴንዱ ከባሱ እንዲነሳ አድርጉ። ያኔ ባሱ ሲወርድ ማስተጋባቱም አብሮ ይወርዳል። ሥራም ይቀንሳል፤ ስድስት ሴንድ የነበረው አንድ ይሆናል።

በዚህ ላይ የሥራውን ጠባይ አስቡ። ሸዋ ሮቢት ወይም ደብረ ሲና መድረክ ያለው ድምፃዊ «የእኔን ድምፅ አውጥተህ ተቀባዮቹን ብቻ ተውልኝ» ብሎ ይደውላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደውለው በዋዜማው ነው። ባስ ያለው ሰው የተቀባዮቹን ባስ ብቻ ለይቶ ፋይሉን ያወጣል። ባስ የሌለው ፕሮጀክቱን ከፍቶ ትራክ ሲቆጥር ያመሻል።

ባስ ጥራት ይቀንሳል የሚለውን ቶሎ ልለፈው። በድሮው ሚክሰር ላይ እውነት ነበር፤ እያንዳንዱ ኤሌክትሮኒክስ የራሱን ሽውታ ይጨምር ነበር። ሶፍትዌር ውስጥ ግን ባስ ማለት ቁጥር መደመር ነው። ሶፍትዌሮቻችን በ32 ወይም በ64 ቢት ፍሎት (በጣም ትልቅ ቁጥርን ሳይቆርጥ በሚይዝ ስሌት) ነው የሚደምሩት። ባሱ ላይ ቀይ ቢበራ እንኳ ፌደሩን ስታወርዱት ድምፁ ሳይጎዳ ይመለሳል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከማስተሩ ለሚወጣው ፋይልና የድሮ ዕቃ ጠባይ አስመስለው ለሚሠሩ ፕለጊኖች ነው። እነዚያ ከመጠን በላይ ሲገባባቸው ድምፁን ያበላሻሉ። ጸሐፊው ባስ በባስ ላይ መደርደር ጀማሪን ያደናግራል ማለታቸው ግን ትክክል ነው። ሦስት ወይም አራት ከበቃ አምስተኛውን አትክፈቱ።

የቀረው የፕሪ ፌደር ነገር ነው። ሁልጊዜ ፕሪ አድርጉት የሚለው ምክር ሚክስ ላይ ጉዳት አለው። ፕሪ ማለት ቅጂው የሚነሳው ከፌደሩ በፊት ነው። ስለዚህ ማሲንቆውን በፌደር ስታወርዱት ሪቨርቡ እንዳለ ይቀራል። ደረቁ አንሶ ማስተጋባቱ ስለሚበዛ ማሲንቆው ከተራራ ማዶ የመጣ ይመስላል። ያ ስሜት ሆን ተብሎ ሲፈለግ ያምራል፤ ለምሳሌ ዘፈኑ ሲያልቅ ዋሽንቱ እየራቀ እንዲሄድ ስትፈልጉ። ለተለመደው ሪቨርብ ግን ፖስት ፌደር ነው ልክ። ትራኩን ስታወርዱ ሪቨርቡም በዚያው መጠን ይወርዳል፤ ያስቀመጣችሁት ርቀትም አይለወጥም።

ፕሪ ፌደር እውነተኛ ቦታው ቀረጻ ላይ ነው። ድምፃዊው በኢርፎን የሚሰማውን ሚዛን በፕሪ ፌደር ሴንድ ስጡት። እናንተ ፌደር ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ስትሠሩ እሱ የሚሰማው አይነቃነቅም። ማሲንቆ እየመታ መዝፈን የለመደ አዝማሪ ብቻውን በደረቅ ክፍል ሲቆም ድምፁ ይጠብበታል፣ ቅኝቱም ሊያመልጠው ይችላል። ለእሱ ኢርፎን ብቻ ትንሽ ሪቨርብ ላኩለት። ማሲንቆውን ራሱንም ጨመር አድርጉለት። ፋይሉ ላይ የሚቀመጠው ደረቁ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሪቨርቡን ሚክስ ላይ ስትደርሱ ተረጋግታችሁ ትመርጣላችሁ።